ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ፣ እኚህን ቀለም ቀቢ ሳታማክሩ ቡሩሽ አታስነሱ

ደላላ ሰው ሲያመሰግን አይታችሁ ስለማታውቁ ትገረሙ ይሆናል። የዛሬው ምስጋና ግን ኮሚሽን የለበትም። «ስራው ይጥራኝ» ብለው ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለከለከሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ቤቱ አየር ጤና አካባቢ ነው። 250 ካሬ ላይ ያረፈ የብሎኬት ቤት፣ ሶስት መኝታ፣ ሳሎን፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤት። እናትየው ብቻቸውን ይኖሩበታል። ልጆቹ አሜሪካ ስለሆኑ ውክልና ልከው ሽያጩን ከዚያው ይከታተላሉ። ችግሩ የጓሮ በኩል ያለው መኝታ ቤት ግድግዳ ነበር። ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ሰው እጁን አስገብቶበታል። የመጀመሪያው እርጥቡ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም ደርቦበት ሄደ። ዘይት ቀለም እርጥበት አያሳልፍም፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከስሩ ይነፋዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግድግዳው እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሁለተኛው «ይሄ ስቱኮ ይበቃዋል» ብሎ ቀብድ ተቀበለ፣ ግማሹን ለጠፈ፣ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ደግሞ ጨው ያወጣና እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ረገፈም። እናትየው ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከፍለው አልጋቸውን ሳሎን አወጡ። ስም አልጠራም። ሰዎቹ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጋሼ ሲመጡ ቀለም የሚባል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩና «እትዬ፣ በክረምት ብቻ ነው ወይስ በበጋም ይረጥባል?» ብለው ጠየቁ። ይሄን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት የጠየቀ አልነበረም። በበጋም የሚረጥብ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ነው፤ በክረምት ብቻ ከሆነ ጣሪያ፣ አሸንዳ ወይም አፈር ነው። ከዚያ ክንድ የሚያህል ፕላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽገው ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ መጥተው ሲገልጡት ውሃው ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ተንጠባጥቦ ተገኘ። በፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ የክፍሉ ትንፋሽ ነው፣ መስኮት መክፈት ይበቃው ነበር። በጀርባ ስለሆነ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ወደ ጓሮ ዞረው ሲያዩ የአበባ መደቡ አፈር ከቤቱ ወለል 30 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተከምሯል፤ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦም ተሰብሮ የሚደፋው እዚያው ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ግድግዳ ቀለም አልጠማውም፤ ሲጠጣ ነው የከረመው» አሉ።

አፈሩ ከወለሉ 20 ሴንቲ ዝቅ እስኪል ተነሳ። ከግድግዳው ስር ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ 1 ሜትር ስፋት ያለው ኮንክሪት ተመታ፣ ቱቦው ተቀይሮ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ ተደረገ። የበሰበሰው ልስን እርጥበቱ ከሚታይበት መስመር 30 ሴንቲ አልፎ ተፈነቀለ። የወጣውን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጠረጉት እንጂ አላጠቡትም። ውሃ ሲነካው ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል፤ ብዙ ሰራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ መስኮት ተከፍቶ ሶስት ሳምንት ጥበቃ። አዲስ ልስን ከተለሰነ በኋላ ደግሞ አራት ሳምንት ጥበቃ፣ ምክንያቱም ሲሚንቶ ትኩስ ሳለ የተቀባ ቀለም ይቃጠላል፣ መልኩም ይዥጎረጎራል። ሰባት ሳምንት ማለት ነው። እኛ ደላሎች እንዲህ ሲሆን ዝም አንልም፤ ገዥ ይዘን «አንድ እጅ ቀባ ቀባ አድርጉትና እናሳይ» እያልን እንጨቀጭቃለን። ጋሼ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ቀብተህ ካሳየህ ክረምት ሲገባ ገዥው አንተን ነው የሚፈልግህ።»

ለዚህ ብቻ እንኳን እግዜር ይስጥልኝ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አታድርጉ ማለት የሚችሉ ሰው ናቸው። ልጅየው ከአሜሪካ በቪዲዮ ደውሎ «የኪችን ካቢኔቱ ይቀየር፣ ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፍ» ሲል ሰራተኛ ሁሉ ደስ የሚለው ትዕዛዝ ነበር። ጋሼ ግን «ልጄ፣ ገዥው የራሱ ምርጫ አለው። አንተ ያነጠፍከውን ይሰብረዋል፣ የከፈልክበትን ግን አይከፍልህም። ሊሾው ስንጥቁ ይደፈን፣ የካቢኔቱ ማጠፊያ ይጥበቅ፣ ይበቃል» አሉት። ስራ ሲባል አይሆንም የሚል ባለሙያ ስንት አለ? በዚህ ላይ ያልተከፈቱ ሁለት ጋሎኖች ሱቅ መልሰው ብሩን ከነደረሰኙ ለእናትየው አስረከቡ። እናትየው ደረሰኙን ይዘው እንባ በእንባ ሆኑ፤ ሁለት ጊዜ ለተበሉ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ጋሎን ካነሳን ሒሳቡን ራሳችሁ ያዙት። 4 በ4 የሆነ ክፍል፣ ከፍታው 2.80 ሜትር ከሆነ፣ በርና መስኮት ተቀንሶ ግድግዳው 40 ካሬ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም የተስተካከለ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ዙር 4 ሊትር፣ ሁለት ዙር 8 ሊትር፣ ማለት ወደ ሁለት ጋሎን። ለዚህች ክፍል አምስት ጋሎን የሚያስገዛችሁ ካለ ሶስቱ የት እንደሚሄድ ጠይቁት። የድሮ ቤት ሆኖ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ብልጭታው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት። አለበለዚያ ከላይ የተቀባው ፕላስቲክ ቀለም በጥፍር ሲነካ እንደ ድንች ልጣጭ ይላጣል።

የግቢውን በር የሰሩበት መንገድ ብቻውን ያስመሰግናል። ላሜራው ከታች በኩል በዝገት ተበልቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለም ደርቦ ይሄዳል። እሳቸው በሽቦ ብሩሽ አራግፈው አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ፣ ከዚያ ሁለት ዙር ዘይት ቀለም። ሲጨርሱ የበሩ የታችኛው ብረት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ በሱ። ለምን ቢባሉ ዝናቡ በዚያ ብረት ውስጥ ተኝቶ ነው በሩን ከውስጥ የሚበላው። መሬት የሚፍቀውን የመኝታ ቤት በርም መላጊያ አላስነኩትም። የላላው የማጠፊያው ብሎን ነበር፤ ቀዳዳውን በኮላ በተነከረ እንጨት ሞልተው መልሰው አሰሩት። በዝናብ ያበጠ በር ቢሆን እንኳን በክረምት አይላግም፣ በበጋ ሲኮማተር ድመት ያሳልፋል።

መታጠቢያ ቤት ይሸታል ተብሎ እጣን በእጣን የሆነ ቤትም ስንት አይቻለሁ። እጣን ሲበዛ ገዥ ይጠረጥራል፣ «ምን ሊደብቁ ነው?» ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ማንም የማይጠቀምበት ሻወር ሲፎኑ፣ ማለት ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግደው ጠማማ ቱቦ፣ ደርቆ የፍሳሹ አየር ወደ ላይ መውጣቱ ነው። አንድ ጆግ ውሃ መድፋት በቂ ነው። ሮቶውም ከዋዜማው ይሞላ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገዥ ቧንቧ ከፍቶ አየር ሲያፏጭበት ዋጋው እዚያው ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ግን ቤት ለሚፈልግ ገዥ ነው። የሚመጣላችሁ ቦታ ፈላጊ ከሆነ ነገ አፍርሶ ፎቅ ሊሰራ ነው፤ ለእሱ ቀለም መቀባት ብር ማቃጠል ነው። ግቢውን አጽዱ፣ ካርታው ላይ ያለው ካሬ መሬቱ ላይ ካለው ጋር እንደሚገጥም አሳዩ፣ የግብርና የቢል ደረሰኞችን በአንድ ክላሰር አስቀምጡ። ጋሼ እንዲህ ያለ ቤት ሲጠሩ «እኔ አላስፈልጋችሁም» ብለው ትራንስፖርታቸውን እንኳን ሳይቀበሉ ይመለሳሉ። ደግሜ ልበል፣ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁ።

ገዥው ይዞት የመጣው ባለሙያ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደዚያችው መኝታ ቤት ነው። ቁምሳጥኑን አስነስቶ ከኋላው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ሌላው ሁሉ አሮጌ ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከሆነ ያ ጥግ ይጮሃል፤ እዚህ ግን ክፍሉ በሙሉ አንድ መልክ ነው። እናትየው ስልካቸውን አውጥተው አፈሩ ሲነሳ፣ ልስኑ ሲፈነቀል፣ ኮንክሪቱ ሲመታ ጋሼ በየቀኑ እያነሱ ለልጆቹ የላኩትን ፎቶ አሳዩት። ሰውየው አይቶ ስልኩን መለሰ፤ በግድግዳው ምክንያት የተቀነሰ አንድ ብር የለም።

ጋሼን የምትፈልጉ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ደውሉ። ሐምሌና ነሐሴ የውጭ ግድግዳ አይቀቡም፣ አትለምኗቸው። «በሳምንት ይለቅልኝ» የምትሉም ሌላ ሰው ፈልጉ። ቀብድ የሚቀበሉት ቀለሙ በር ላይ ከወረደ በኋላ ነው። ሲመጡ ቡና አፍሉላቸው፤ ስኳር አይወስዱም።