የስኳር መለኪያ ማሽን በድሬዳዋ ሙቀት፦ ከስድስት ወር አገልግሎት በኋላ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ዕቃ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት የገዛሁት፣ ከመዳፍ የማይበልጥ የደም ስኳር መለኪያ ማሽን ነው። የምርቱን ስም የማልጠቅሰው ከማነሳቸው ቅሬታዎች ከፊሉ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ አያያዝ ጥፋት ስለሆነ፣ ደግሞም በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በአሠራራቸው ስለሚመሳሰሉ ነው። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ሐረር የምትኖረው አክስቴ ማሽኑን የገዛሁ ዕለት በስልክ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው፦ «አቦ፣ ሳታውቂው በሰላም ትኖሪበት የነበረውን ነገር ገንዘብ ከፍለሽ ልታዝኚበት ነው?» (በእኛ አገር አክስትን አንቺ ማለት ነውር አይደለምና አንባቢ እንዳይቀየመኝ።) ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ የተገኘውም መልስ ዕቃውን ስገዛ እርግጠኛ ከነበርኩበት የተለየ ነው።

መነሻውን ላስቀድም። በሚያዝያ ወር ለሌላ ጉዳይ በተደረገልኝ ምርመራ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 118 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ በሽታው ገና ያልያዘው፣ ነገር ግን ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው ቁጥር ነው። ሐኪሙ ክብደት እንድቀንስ፣ በእግሬ እንድሄድና ከሦስት ወር በኋላ እንድመለስ እንጂ ማሽን እንድገዛ አልነገረኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ያልተመዘገበ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል፤ በማግሥቱ ገዛሁት።

በካርቶኑ ውስጥ ማሽኑ፣ ጣት የሚወጋው እስክሪብቶ መሰል ነገር፣ ጥቂት መርፌዎች፣ አሥር ስትሪፖች (የደሙ ጠብታ የሚነካባቸው ቀጫጭን ቁራጮች) ያሉበት ጠርሙስና አማርኛ የሌለበት መመሪያ አሉ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ስትሪፑ ሲገባ ማሽኑ ራሱ ይበራል፣ ትንሽ የደም ጠብታ ይበቃዋል፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ቁጥሩን ያሳያል፣ ያለፉትንም ውጤቶች ከነሰዓታቸው ያስታውሳል። ሊገዛ ያሰበ ሰው ማስተዋል ያለበት ዋጋው የተደበቀው ከማሽኑ ላይ ሳይሆን ከስትሪፑ ላይ መሆኑን ነው። አንዱ ምርት የሌላውን ስትሪፕ አይቀበልም፤ እኔ በሁለት ወር ውስጥ ለስትሪፕ ያወጣሁት ገንዘብ ከማሽኑ ዋጋ በልጧል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ገብቶ መጠየቅ ያለበት «ማሽኑ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስትሪፑ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይ?» ተብሎ ነው።

አሁን ድሬዳዋ ላይ ለምንኖር ሰዎች ዋናው ወደሆነው ነገር ልለፍ። በስትሪፑ ጫፍ ላይ የደሙን ስኳር የሚለየው ኢንዛይም ሙቀትንና እርጥበትን አይወድም፤ አብዛኞቹ አምራቾች ጠርሙሱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ እንዳይቀመጥ ያስጠነቅቃሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ሐረር ብዙም አያስጨንቅም፤ ወደ 1,200 ሜትር ዝቅ ብላ ለተቀመጠችውና በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ለሚደርስባት ድሬዳዋ ግን ጠርሙሱ ለወራት ተስማሚ ቦታ አያገኝም ማለት ነው። መመሪያውን ያላነበብኩት እኔ ጠርሙሱን ለሁለት ሳምንት መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። አንድ የሰኔ ጠዋት በባዶ ሆድ ብለካ 168 አለኝ፤ ደንግጬ ወዲያው ብደግመው 139፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብለካው 171። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ቤተ ሙከራ ሄጄ ከክንዴ በተቀዳው ደም የተገኘው ውጤት 115 ነበር። በኋላ የማሽኑን ትክክለኛነት የሚፈትሸውን ፈሳሽ ፈልጌ ብሞክረው፣ ከዚያ ጠርሙስ የወጡት ስትሪፖች በሙሉ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ወሰን ውጭ አነበቡ። ያ ፈሳሽ ከማሽኑ ጋር አብሮ መሸጥ ሲገባው ለብቻው ተለምኖ የሚገኝ መሆኑ ከዕቃው ጉድለቶች ሁሉ የሚከፋው ነው። ለጥንቃቄ ያህል፣ ፍሪጅ መፍትሔ አይደለም፤ ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ሲወጣ የሚፈጠረው እርጥበት ስትሪፑን ያበላሸዋል። እኔ አሁን ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቄ ፀሐይ በማያገኘው የጓዳ ግድግዳ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጣትንም በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ማንጎ ልጬ ሳልታጠብ የለካሁ ጊዜ የወጣው ቁጥር የእኔ ሳይሆን የማንጎው ነበር።

ከሙቀቱ ይልቅ የከበደኝ ግን ማሽኑ በሚገባ በሚሠራባቸው ቀናት በእኔ ላይ ያደረገው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቀን እስከ ሰባት ጊዜ ለካሁ። ከተማው ከቀትር በኋላ ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት እኔ ጣቴን እወጋ ነበር። ጠዋት 109 ካለኝ ቀኑ ብሩህ ይሆናል፤ 117 ካለኝ ከሰው ጋር መነጋገር ያስጠላኛል። እንግዳ ያቀረበልኝን ሙሸበክ የተባለ ጣፋጭ ቀምሼ ሰዓት እያየሁ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ እጠብቃለሁ። በዚያን ጊዜ አክስቴ ልክ እንደነበረች አምኜ ነበር፤ ያላወቀ ሰው ሙሸበኩን በልቶ ተኝቷል።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ አለመሆኑን ያየሁት ንባብ ስጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የሰሜን አየርላንድ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ገና የተነገራቸውንና ኢንሱሊን የማይወስዱ 184 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ቤታቸው እንዲለኩ የተደረጉት ሰዎች ስኳራቸው ካልለኩት የተሻለ አልሆነም፤ በድባቴ መለኪያ ያገኙት ውጤት ግን ከፍ ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ450 ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናትም ኢንሱሊን ለማይወስዱ ሰዎች የቤት ውስጥ ልኬት በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። እነዚህን ሳነብ ማሽኑን ለመሸጥ አስቤ ነበር።

ያስቀረኝ ከዚያው ንባብ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የጥራት መስፈርት፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የማሽኑ ንባብ ከቤተ ሙከራው በ15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይቀበለዋል። በሌላ አነጋገር እውነተኛው ቁጥር 120 የሆነን ሰው ማሽኑ 102 ብሎ ቢያስደስተው፣ 138 ብሎም ቢያስደነግጠው ሕጉን አልጣሰም። እኔ ለሁለት ወር ስደሰትና ስከፋ የኖርኩት በ109 እና በ117 መካከል ባለው ልዩነት ነበር፤ ያም ልዩነት ለማሽኑ ምንም ማለት አይደለም። ይህን ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝ ዕፎይታ ሳላውቅ ከነበረኝ ሰላም ይበልጣል ብል አላጋንንም። ያስጨነቀኝ ማወቄ ሳይሆን ቁጥሩን አውቄ የቁጥሩን ዋጋ አለማወቄ ነበር።

በሐምሌ በቀጠሮዬ ማግሥት የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፌ ሐረር ስገባ፣ አክስቴን ስለ አለማወቋ ጠየቅኋት። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ 9 ዓመቷ ነው። ማሽን ቤቷ አይገባም። ነገር ግን ክኒኗን አታዛንፍም፣ በየሦስት ወሩ ቀጠሮዋን አትዘልም፣ ማታ ማታ እግሯን በመብራት እያየች ቁስል ትፈልጋለች። «ቁጥሩን ነርሷ ታውቀዋለች፤ እኔ ምን እንደምበላ አውቃለሁ» አለችኝ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ እየቀዳችልኝ፣ ለራሷ ስኳር ሳትጨምር። አለማወቅ የመሰለኝ ነገር ሥራ መከፋፈል ሆኖ አገኘሁት። እውነተኛው አለማወቅ የአንድ ጎረቤታችን ነው፤ የማይድን የእግር ቁስል ይዞ ሆስፒታል እስኪሄድ ድረስ ስኳር እንዳለበት አላወቀም፣ እስከዚያም ድረስ ከሁላችንም ይልቅ ደስተኛ ሰው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በአፍሪካ ስኳር ካለባቸው ጎልማሶች ከግማሽ የሚበልጡት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለደበቀው ነው የተነገረው፤ ላላወቀው ምን እንደሚባል እንጃ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ማሽኑ የግድ ነው፤ ቁጥሩ የሚወጋውን መጠን ይወስንለታል፣ ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ እንዳይወድቅም ያስጠነቅቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች አዘውትረው እየለኩ ኢንሱሊናቸውን ሲያስተካክሉ በዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት የመጀመር ዕድሉ በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። እንደ እኔ ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ይበቃል፤ ማሽኑን ከገዛም ሐኪሙን «ይህ ቁጥር ሲወጣ ምን ላድርግ?» ብሎ መልሱን ሳይዝ ባይለካ ይሻለዋል። እኔ አሁን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ እለካለሁ።

ባለፈው ወር አክስቴ ለሠርግ ድሬዳዋ ወደሚገኘው ሳቢያን ሰፈር ወርዳ እኔ ቤት አደረች። ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት አይታኝ ቆይታ ጣቷን ዘረጋች። «ለኪኝ፤ ቁጥሩን ግን ለራስሽ ያዢው» አለች። አዲስ መርፌ ቀይሬ ለካኋት፤ ቁጥሩንም እንዳለችኝ ለራሴ ያዝኩት። ከሠርጉ ቤት የመጣውን ሙሸበክ ግን ከፊቷ አንስቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩት።