ፍሌክስ ይሻላል ወይስ ግሪድ?

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ላለ የጨርቅ ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራችሁ ነው እንበል። በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ) ውስጥ ዕቃዎች እንዴት እንደሚደረደሩ የሚወስነው ዲስፕሌይ (display) ላይ ምን ትጽፋላችሁ፣ ፍሌክስ (flex) ወይስ ግሪድ (grid)?

ፍሌክስ፦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይደረድራል፤ ወይ በረድፍ ወይ በዓምድ።
ግሪድ፦ ረድፉንም ዓምዱንም አንድ ላይ ይይዛል።

ለመልመድ ፍሌክስ ይቀላል። ሎጎው በግራ፣ ሜኑው በቀኝ ይሁን ካላችሁ ሁለት መስመር ኮድ ይበቃል።

ጣጣው ያለው ፎቶ ላይ ነው። 11 የጨርቅ ፎቶ አራት አራት አድርጋችሁ ስትደረድሩ መጨረሻ ላይ 3 ይቀራሉ። ፍሌክስን ቦታውን ሙላ ካላችሁት ሦስቱን ይለጥጣቸዋል። ከላይ ያለው ሻሽ ጠባብ፣ ከታች ያለው ሰፊ፤ ያስጠላል! ግሪድ ግን የአራተኛውን ቦታ ባዶ ትቶ ሁሉንም እኩል ያቆማል። ኦቶ ፊል (የሚበቃውን ያህል ዓምድ የሚሞላ) እና ሚንማክስ (የዓምዱን ትንሹንና ትልቁን ስፋት የሚወስን) ከጨመራችሁበት ደግሞ ስልክ ላይ ዓምዱን ራሱ ይቀንሳል።

ያረጀ ስልክ የያዘ ደንበኛስ? ግሪድ ዋና ዋና ብራውዘሮች ላይ የገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፍሌክስ ይቀድመዋል። የሚገርመው፣ ፍሌክስ ውስጥ ጋፕ (በዕቃዎቹ መካከል ክፍተት የሚያስገባ) መጠቀም ሳፋሪ (የአፕል ብራውዘር) ላይ የተቻለው ግን በ2021 ነው።

ለሜኑ፣ ለአዝራርና ለዋጋ መስመር ፍሌክስ። ለዕቃ ዝርዝርና ለሙሉው ገጽ ግሪድ። በግሪዱ ሳጥን ውስጥ ፍሌክስ ማስገባትም ይቻላል፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማደርገው እንደዚያ ነው።