«ባዶ ነው» ተብዬ የገዛሁት ጠመንጃ ጎርሶ ነበር

ቤታችሁን ወይም ምግብ ቤታችሁን በአሮጌ ጠመንጃ ለማስጌጥ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 18 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ሱሉልታ ላይ ትንሽ የባህል ምግብ ቤት አለችኝ። ግድግዳው ላይ ጋሻና ጦር ሰቅያለሁ፣ ሌማት ደርድሬያለሁ፤ መሃሉ ግን ባዶ ሆኖ አላምር አለኝ። ይህን ያየ አንድ አሮጌ ዕቃ እያዞረ የሚሸጥ ሰው፣ በሳምንቱ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ መጣ። ፈታው። በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነው። ሰደፉ በጠፍር ታስሯል፣ ብረቱ ጠቁሯል። እውነቴን ነው፣ ያምራል።

«እህቴ፣ ይሄ ዓድዋ የዋለ ነው። ባዶ ነው። ባሩድ ቢኖረው እንኳ ድሮ በስብሷል። ለጌጥ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም።»

በአንድ ትንፋሽ አራት ነገር ነገረኝ። አንዱንም አልጠየቅኩም። ዋጋውን ብቻ ከ25 ሺህ አስወርጄ ጎበዝ ነጋዴ የሆንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ መስቀያ ቀለበት ላስበይድበት ወደ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፣ መነጽሩን አደረገ፣ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ አልመጣም። መብራት ስለጠፋ ፈጣሪን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ያኔ ግን እየተነጫነጭኩ ይዤው ተመለስኩና ጥግ ላይ አቆምኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ደንበኛዬ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ከአዳኞች ጋር ዱር ለዱር የዞሩ፣ ኋላም መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጥብሱን ሁለቴ እንደጎረሱ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ፈተሸው?»

«ባዶ ነው ጋሼ።»

«ማን አለ?»

«የሸጠልኝ ሰውዬ።»

ምግባቸውን ትተው ተነሱ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዲወጣ አደረጉ። ጠመንጃውን ጓሮ ወስደው፣ አፈሙዙን ወደ አፈሩ ገደል አዙረው አጋደሙት። ቀጥለው ከመምቻው ሥር እሳት የምትጭረው ትንሽ የመዳብ ቆብ መኖር አለመኖሯን አዩ። አልነበረችም። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስመጡኝ። በጎን ቆመው፣ በሁለት ጣት ብቻ ይዘው፣ ቀስ ብለው በአፈሙዙ አስገቡት። ዘንጉ የቆመበትን ቦታ በአፈሙዙ ልክ በከሰል ምልክት አደረጉ። አውጥተው ከቱቦው ውጭ አጠገቡ አስተኙት። ባዶ ቢሆን ኖሮ ዘንጉ ያቺ ቆብ እስከምትቀመጥባት ቀዳዳ ድረስ መድረስ ነበረበት። አራት ጣት ያህል ቀረው።

«ጎርሷል» አሉ። ምግብ ቤቴ ውስጥ ጉርሻ ብርቅ አይደለም፤ የዚህኛው ግን ጉልበቴን ከዳው።

ጨርቅ ወይም ዝገት ሊሆንም ይችላል አሉኝ። ግን እስኪረጋገጥ ድረስ እንደጎረሰ ይቆጠራል። እሳቸውም ሊያወጡት አልሞከሩም። ፖሊስ ጠራን፣ ባለሙያ ይዘው መጡ። አረሩም ባሩዱም እዚያው ነበር።

እንዴት ጎርሶ ይቀራል? ጋሼ ያስረዱኝ እንዲህ ነው። በአሁኑ ጠመንጃ ጥይቱን መዝዘህ ታወጣለህ፣ አለቀ። ይሄኛው ግን መጀመሪያ ባሩድ ይፈስበታል፣ ከዚያ አረር በላዩ ተጠቅጥቆ ይገባል። የገባው በገባበት በኩል በቀላሉ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ዞሮ ሚዳቋ ያጣ አዳኝ፣ ባሩድና አረር ላለማባከን «ነገ እተኩሰዋለሁ» ብሎ ቤቱ ይሰቅለዋል። ነገ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ሰውዬው ይሞታል፣ ጠመንጃው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በጦርነትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 አሜሪካኖች ጌቲስበርግ ላይ ከተዋጉ በኋላ ከሜዳው 27 ሺህ ያህል ጠመንጃ ተሰብስቦ ነበር። ወደ 24 ሺህ የሚሆነው እንደጎረሰ ነው የተገኘው።

ጨዋ አዳኝ ወደ ቤት ሳይገባ ያራግፈዋል። ከሁሉ በፊት ቆቧን ያነሳል፤ እሳት የምትሰጠው እሷ ናትና። ደህናና አዘውትሮ የሚተኮስበት መሣሪያ ከሆነ፣ ኋላው ሰውም ከብትም በሌለበት የአፈር ቁልል ላይ ቆብ አድርጎ ይተኩሰዋል። ቃታውን ስቦ እምቢ ቢለው ቢያንስ አንድ ደቂቃ አፈሙዙን ሳያዞር ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። መተኮስ ካልተቻለ ባሩዱን በውሃ በደንብ አርሶ፣ ጫፉ እንደ ብሎን በሆነ ዘንግ አረሩን ወግቶ ይስበዋል። በአሁኑ ጊዜ በውጭ አገር በጋዝ ግፊት ገፍቶ የሚያስወጣ መሣሪያ አለ። በዚህ ዘመን የሚሠራው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ደግሞ ብዙው የኋላ መክደኛው ተፈትቶ በዚያ በኩል ይራገፋል። እንደኔ ያለውን ያረጀ ብረት ግን መተኮስ ቱቦውን ፊት ላይ ማፈንዳት ነው። ይህን የምጽፈው እንድትሞክሩት አይደለም። ሻጭ «እኔ አራግፌዋለሁ» ሲላችሁ እንዴት አድርጎ እንዳራገፈ እንድትጠይቁት ነው። የኔው ሰውዬ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል።

«በስብሷል» የምትለዋ ደግሞ ከሁሉ የከፋች ናት። ጥቁር ባሩድ 75 እጅ ጨው መሰል ፖታስየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። እንደ ሊጥ አይቦካም፣ እንደ ሥጋ አይሸትም። ደረቅ ሆኖ ከቆየ ከመቶ ዓመት በላይም ይነዳል። ረጥቦ የነበረውም ሲደርቅ መልሶ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ፣ ከ140 ዓመት በላይ የቆየ የመድፍ አረር ሲያጸዳ ፈንድቶ ገድሎታል። እኔ ደግሞ በሺህ ዲግሪ የሚነድ የብየዳ እሳት ላሳርፍበት ነበር። የብየዳ ቤቱን ልጅ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

የዓድዋው ወሬ ቀላሉ ነው። በ1888 ዓ.ም. አብዛኛው የጦራችን ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ ነበር፤ ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ የመሳሰለው። እንዲህ ያለው ከዚያ በፊት የነበረ ዓይነት ነው። አንዳንድ ሰው ይዞ አልዘመተም አልልም። ግን «ዓድዋ» የምትለዋ ቃል ዋጋውን እጥፍ ታደርገዋለች፣ ማስረጃ ግን የላትም።

ፈቃዱስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «ለጌጥ ነው» የሚል የሻጭ ቃል ፈቃድ አይሆንም። በእውነት ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ የቅርስ አዋጁ 209/1992 አለ። ፖሊሶቹ ከየት አመጣሽው፣ ከማን ገዛሽ ሲሉኝ ደረሰኝ የለኝ፣ የሰውዬው ሙሉ ስም የለኝ። ጠመንጃውን ወሰዱት። ብሬም ከሻጩ ጋር ሄደ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

የግድ ጠመንጃ ካማራችሁ ከእንጨት የሚቀርጽ ባለሙያ አለ፣ በሩቅ አይለይም። የቤተሰብ አሮጌ ጠመንጃ ያላችሁም ልጆች አታስነኩት፣ ቃታውን አትሞክሩ፣ እሳት ዳር አታስቀምጡ። ለፖሊስ ነግራችሁ በሚያውቅ ሰው አስፈትሹት።

ሻጩ አሁንም በሱሉልታና በጫንጮ መስመር ይዞራል ብለውኛል። በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ ደጃችሁ ከመጣ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አፈሙዙ ወደ ማን እንደዞረ እዩ።