አልኮ ሻንሲ ያለው አሮጌ ዱካቶ ሞተርሆም፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍራንክፈርት አቅራቢያ ከአንድ ጡረተኛ የገዛሁት ሞተርሆም፣ ማለትም በራሱ ሞተር የሚሄድ ቤት ያለው መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመረተ ፊያት ዱካቶ ሲሆን፣ 127 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2.8 ሊትር ጄቲዲ የናፍጣ ሞተር አለው። ስለ ሞተሩ የምለው አጭር ነው፤ በብርድ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፣ በካሰል ዳገቶች ላይ ማርሽ መቀነስ ግድ ይላል፣ መለዋወጫውም አይጠፋም። ይህን ግምገማ የምጽፈው ከወለሉ በታች ስላለው ክፍል ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ሞተርሆም መንዳቱ የሚያስደስት ወይም የሚያሰለች፣ ጥገናው ርካሽ ወይም ኪስ የሚያራቁት የሚሆነው በሻንሲው፣ ማለትም ቤቱ በሚያርፍበት የብረት አካል፣ እና ጎማዎቹን በተሸከመው ክፍል ነው፤ ሻጩም ሆነ የመኪናው ወረቀት ግን ስለዚህ ነገር እምብዛም አይናገሩም።

ዱካቶ የሚለው ስም የሚነግረን ስለ ሞተሩና ስለ ጋቢናው ብቻ ነው። ሞተርሆም ሠሪዎች መኪናውን በተለያየ መልክ ይረከቡ ነበር። አንደኛው ከጋቢናው እስከ ኋላ ጫፍ ድረስ የፋብሪካው የራሱ ሻንሲ ያለው ሲሆን፣ የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘው በባሌስትራ፣ ማለትም እንደ ሞላ በሚለጠጥ የብረት ቅጠል ላይ ይቀመጣሉ። ሌላው ደግሞ ከጋቢናው ጀርባ ምንም ሻንሲ የሌለው ነው፤ በዚህኛው ላይ አልኮ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው፣ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ ውስጥ የተነከረ ሻንሲ በብሎን ይታሰራል። ይህ ሊሆን የቻለው መኪናው የሚጎተተው በፊት ጎማዎቹ ስለሆነና ወደ ኋላ የሚሄድ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ ስለሌለው ነው። በአልኮው ላይ ባሌስትራ የለም፤ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ በራሱ ክንድ ላይ ተሰክቶ፣ ክንዱ ሲነሣና ሲወርድ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ እየተጠመዘዘ የሞላን ሥራ ይሠራል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰው የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው፤ መጀመሩ ባይከፋም ወረቀቱ ብቻውን አያደርስም። በጀርመን የመኪና ወረቀት ላይ «ኢ» በሚለው መስመር የሻንሲ ቁጥሩ ይገኛል። ቁጥሩ በዜድ፣ ኤፍ፣ ኤ ጀምሮ 244 ካስከተለ መኪናው ከ2002 እስከ 2006 የተመረተው ዱካቶ ነው፤ 230 ከሆነ ከዚያ በፊት የነበረው፣ 250 ከሆነ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የመጣው ነው። ከኋላ የታሰረው ሻንሲ የማን እንደሆነ ግን ይህ ቁጥር አይናገርም። የፊት ጎማዎቹን ማየትም ትርፉ ድካም ነው፤ በሁለቱም ዓይነት ላይ ከፊት ያለው ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተገጣጠሙበት ያው የፋብሪካው አሠራር ነው። የሚያዋጣው የአምራች ሰሌዳዎችን መቁጠር ነው። ሞተርሆም በደረጃ የሚሠራ መኪና ስለሆነ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ሰሌዳ ይለጥፋል፤ በእኔ መኪና ላይ የፊያት፣ የአልኮና የቤቱ ሠሪ ሦስት ሰሌዳዎች አሉ፤ የአልኮው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክም ከፊያቱ ይበልጣል።

ሰሌዳው ቢጠፋ ወይም ቢደበዝዝ መኪናው ሥር መተኛት ነው። የእኔ ሻንሲ ከጋቢናው ጀርባ ሲጀምር ቀለሙ ከጥቁር ወደ ደብዛዛ ብርማ ግራጫ ይለወጣል፤ መጋጠሚያው ላይ በሁለቱም በኩል የተደረደሩ የብሎን ራሶች ይታያሉ፤ ብረቱም ክብደት ለመቀነስ በተርታ የተበሱ ክብ ቀዳዳዎች አሉት። ወደ ኋላ ጎማ ሲደርሱ ከአክስሉ ቱቦ ወደ ጎማው የሚዘልቅ ክንድ ይታያል፤ ከፊትና ከኋላ የታሰረ የባሌስትራ ቅጠል ግን የለም። ከውጭ ሆኖ ለሚያይም ምልክት አለ፤ የአልኮው የኋላ ጎማዎች ሰፋ ብለው ወደ ቤቱ ግድግዳ ስለሚጠጉ፣ በባሌስትራው ላይ እንደምናየው ወደ ውስጥ ገብተው አይታዩም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ለጉጉት ብቻ አይደለም። የኋላውን ለማጠናከር የአየር ከረጢት እንዲገጠምልኝ የጠየቅሁት ጋራዥ ወረቀቱ ላይ ዱካቶ 244 የሚለውን ብቻ አይቶ ዕቃ አዘዘ፤ የመጣው ግን በባሌስትራው አክስልና በሻንሲው መካከል፣ አክስሉ ወደ ላይ ሲነሣ በሚያርፍበት ላስቲክ ቦታ የሚገባ ከረጢት ነበር። በእኔ መኪና ላይ የሚያርፍበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ዕቃው ተመልሶ ለአልኮ ክንድ የሚሆነው እስኪመጣ ድረስ የሙቀቱ ወራት እኩሌታ አለፈ። በሻንሲው ላይ ሌላ ቀዳዳ መብሳትና መበየድ በአምራቹ ክልክል ስለሆነ «እናስተካክለዋለን» የሚል መካኒክ ካጋጠመ መኪናውን ይዞ መውጣት ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግሪስ ነው። አልኮ ለካራቫን፣ ማለትም ለተጎታች ቤት የሚሠራው አክስል በውስጡ ላስቲክ ስላለው ግሪስ አይፈልግም፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ የሞተርሆሙም እንደዚያው ይመስለዋል። የሞተርሆሙ አክስል ግን በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ግሪስ መመታት አለበት። የእኔን ቱቦ በብረት ብሩሽ ስፈትገው የግሪስ መምቻዎቹ ከጎማዎቹ አጠገብ በጭቃና በጥቁር የዝገት መከላከያ ቀለም ተደፍነው ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት የያዘው የአገልግሎት ደብተር ስለ ሞተር ዘይት እንጂ ስለ እነዚህ ምንም አይልም። ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው አክስሉ ክብደት ሳይኖርበት ፓምፑ ሲመታ፣ መጀመሪያ ግሪሱ እንዳይወጣ ከሚይዘው ማሸጊያ ጠርዝ የወጣው ዝገት የመሰለ ቡናማ ነገር ነበር፤ ንጹሕ ግሪስ እስኪታይ ድረስ ብዙ መምታት አስፈለገ። ከዚያ በኋላ በቀስታ ስነዳ ከኋላ ይሰማ የነበረው ሲጥሲጥታ ጠፋ። ይህ ሥራ ችላ ከተባለ ክንዱ የሚዞርበት ክፍል ይበላል፣ ጎማው ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ የጎማው ውስጠኛ ጠርዝም ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ሲገዙ ከግድግዳው ስቲከር ይልቅ የኋላ ጎማዎቹን ውስጠኛ ጠርዝ በእጅ መዳሰስ ይጠቅማል።

አነዳዱን በሚመለከት በገዛሁት ነገር ደስተኛ ነኝ። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ ትልቅ የጭነት መኪና በአጠገብ ሲያልፍ የባሌስትራውን ያህል አይንገዳገድም፤ የጓደኛዬን ባለ ባሌስትራ ዱካቶ በዚያው መንገድ ነድቼ ልዩነቱን አይቻለሁ። ነገር ግን ዝቅ ማለቱ ዋጋ አለው፤ መርከብ ላይ ሲወጣና ቁልቁል ጋራዥ ሲገባ የኋላ ጫፉ ይፈትጋል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለሚገኝ ኮረኮንች መንገድማ አልመርጠውም፤ እዚያ የሚያዋጣው በየመንደሩ ጋራዥ የሚጠገነው ባሌስትራ ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ በየዓመቱ በአውሮፓ ከተሞች ወደሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል በዓል ቤተሰብ፣ የእንጀራ ምጣድና የሳምንት ስንቅ ጭኖ የሚሄድ ሰው 3,500 ኪሎ ግራም ምን ያህል ቶሎ እንደሚሞላ ያውቀዋል። አልኮ ላይ የተሠሩ አንዳንድ ዱካቶዎች ወረቀታቸው 3,850 ኪሎ ግራም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከ3,500 በላይ ሲሆን በጀርመን ተራው የ«ቤ» መንጃ ፈቃድ አይበቃም፣ በአውቶባን ላይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይቻልም። ጭነቱ ከኋላ አክስል ባሻገር ሲከማች ደግሞ የፊቱን ያነሣዋል፤ የሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ስለሆኑም በእርጥብ ሣር ላይ ባዶውን ይሽከረከራሉ። እኔ ብስክሌቶቹን ከኋላ አውርጄ የውኃ ጋኑን ግማሽ ብቻ ስሞላ ይህ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል፤ የአየር ከረጢቱ ግን ኋላውን ቀና ቢያደርግም የተፈቀደውን ክብደት በራሱ አይጨምርም።

ጎማ ለሚቀይር አንድ ነገር ልጨምር፦ ክሪኩ ከአክስሉ ቱቦ መሐል ሥር አይገባም፤ ቱቦው እዚያ ላይ የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። እኔ የማነሣው በጎማው በኩል፣ አክስሉ ከሻንሲው ጋር በታሰረበት ቦታ ሥር ነው፤ ሻንሲው ዝቅተኛ ስለሆነም ከመኪናው ጋር የመጣው ረጅም ክሪክ ጎማው ሲተነፍስ ሥሩ አይገባም፤ ስለዚህ አጭር የጠርሙስ ክሪክና አንድ ወፍራም ጣውላ ከኋላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ።