የውሃ ማጣሪያ ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታነቡ አትፈርሙ

ቤት ለቤት እየዞሩ የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ፣ ጥቁር ሻንጣ። «ልንሸጥ አይደለም የመጣነው፤ ውሃችሁን በነጻ ልንመረምርላችሁ ነው» ብለው ይገባሉ። የሚቀጥለውንም ታውቁታላችሁ። ብርጭቆ ይጠይቃሉ፣ ብዕር የምትመስለውን መለኪያ ያወጣሉ፣ ቁጥሯን ያሳያሉ። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ማሽኑ ተገጥሟል፣ እኔም ዛሬ ከቢሯቸው ተዋርጄ ተመልሻለሁ። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ነገ የእናንተን በር የሚያንኳኩት እነሱው ስለሆኑ ነው።

እኛን ያሳሰበን ነገር እንዲህ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም። የምንኖርበት ሕንፃ አሮጌ ነው። ቧንቧው ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ሕፃን አለች፤ ወተቷም የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነው። የፈራነው እርሳስን ነው። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ምንጭ አይመጣም። ከአሮጌ ቧንቧ፣ ከብየዳውና ከነሐስ መገጣጠሚያው እየሟሟ ነው የሚገባው። በአሜሪካ የፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከተማዋ የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል አልተጨመረም። ውሃው እርሳሱን ከቧንቧው እየላጠ የየቤቱ ማጀት ድረስ አስገባው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ማፍላትም አያጠፋውም፤ ውሃው ይተናል እንጂ እርሳሱ እዚያው ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለሻጩ ገና ሲገባ ነግሬዋለሁ። «እኔን የሚያስፈራኝ እርሳስ ነው፤ ልጅ አለችኝ» አልኩት። «ልክ ነዎት እህቴ፣ አሁን በዓይንዎ ያዩታል» አለኝ።

ብዕሯን ከቧንቧችን በተቀዳው ውሃ ውስጥ ነከራት። ከ300 በላይ አለች። ከሻንጣው ጠርሙስ አውጥቶ ቀዳና ነከራት። ከ10 በታች ወረደች። «ይሄ ነው የእኛ ማሽን ውሃ» አለ። ከዚያ የብረት ዘንጎች ያሉትን መሣሪያ ብርጭቆዎቹ ላይ አስቀምጦ ሶኬት ላይ ሰካው። የእኛ ውሃ ወዲያው ደፈረሰ። ቡናማ ሆነ። ላዩ ላይ አረፋ ያዘ። የእሱ ግን ጥርት እንዳለ ነው። ወደ ልጄ እየጠቆመ፣ «እየጠጣች ያለችው ይህንን ነው» አለኝ። እናት የሆነች ሁሉ ያኔ ምን እንደሚሰማት ታውቃለች። ያን ማታውኑ ፈረምን።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት ጎረቤታችን መጡ። እንደዚያው ዓይነት መለኪያ አላቸው። ከማጣሪያው የወረደውን ለኩ። ከ300 በላይ። ከቧንቧው የተቀዳውን ለኩ። ያው ነው። ክዳኑን ከፍተው አዩት። ውስጡ አንድ የደለል ማጣሪያና አንድ የከሰል ካርትሪጅ ብቻ ነው። ያቺን ቁጥር ከ10 በታች ሊያወርዳት የሚችለው የአርኦ ሜምብሬን የሚባለው ስስ ወንፊት ጭራሽ የለም። በጠርሙስ ያመጡልን ውሃ እኛ ከገዛነው ማሽን የወጣ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ይዤ ቢሯቸው ሄድኩ። በአንዱ የቧንቧው ውሃ፣ በሌላው የማጣሪያው። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ቅሬታ ከሆነ ይደውሉ» አለችኝ። ስደውል የሚጮኸው ስልክ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነው፤ አታነሳውም። አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ ያው ሻጭ ከውስጥ ወጣ። ፊቴን የረሳው መሰለ። «እህት፣ ምን አጠፋን ነው የምትይው?» አለኝ።

ጠርሙሶቹን አስቀመጥኩለት። «በራስህ መለኪያ ለካው» አልኩት። ለካ። ሁለቱም እኩል። ይደነግጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። «ይሄ እኮ ማዕድን ነው» አለኝ። «ካልሲየም ነው፣ ማግኒዚየም ነው። ለሰውነት ይጠቅማል። ቁጥሩ ስለ ጤና ምንም አይናገርም።»

ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ታዲያ ማጀቴ ቆመህ ይህንኑ ቁጥር እያሳየህ ልጄ መርዝ እየጠጣች ነው ያልከኝ ምን ነበር?» አልኩት።

«ያ ማሳያ ነው» አለ። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ያለችው ያኔ ነው፤ ለመሳቅ።

«እሺ፣ እርሳሱን ያስቀረዋል?» አልኩት። «ሁሉንም ያስቀራል።» «የት ተጽፏል?» መልስ የለም። ኃላፊው ከውስጠኛው ክፍል ሳይወጣ ጮኸ፤ «ማሽኑ ውሃ ያወርዳል አያወርድም? ካወረደ ሠርቷል!» ገንዘቤን ስጠይቅ የውሉን የመጨረሻ ገጽ አሳዩኝ። ማሸጊያው የተከፈተ ካርትሪጅ አይመለስም ይላል። የከፈቱት የራሳቸው ሠራተኞች ሲገጥሙት ነው። በመጨረሻ ሻጩ ጠርሙሶቼን አንስቶ ውሃውን ዓይኔ እያየ በር ላይ ያለው አበባ ላይ ደፋውና ባዶውን አስታቀፈኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ቢሮው ውስጥ የነገረኝ እውነት መሆኑ ነው። ቁጥሯ ስለ ጤና እንደማትናገር ያን ጊዜም ያውቅ ነበር። ብዕሯ የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ከዚያ ተነስታ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ትገምታለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሟሟው ማዕድን በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች የሆነበትን ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ይላል እንጂ በዚህ ቁጥር ላይ ለጤና ብሎ ያስቀመጠው ገደብ የለም። ለእርሳስ ግን መመሪያው በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ የአንድ ሚሊግራም መቶኛ ነው። ብዕሯ የምትቆጥረው በሙሉ ሚሊግራም ስለሆነ እርሳሱ ከዚህ አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ ፈቅ አትልም። ባክቴሪያም አታይም። ስለምፈራው ነገር ነግሬው እሱን ማየት በማይችል መሣሪያ ነው ያስፈራራኝ።

ቡናማው ዝቃጭም ከውሃችን የወጣ አይደለም። መምህሩ አስረዱኝ። ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የብረት ዘንጎቹ ይበላሉ፣ የምናየው የእነሱን ዝገት ነው። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ስለማያስተላልፍ ጥርት ብሎ ይቀራል። በጠርሙሱ ውሃ ላይ ቁንጥጫ ጨው ቢጨመርበት ኖሮ እሱም እንደኛው ይደፈርስ ነበር።

እያውለበለበ ያሳየንን ሰርተፊኬት ደግሞ አሁን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ኤንኤስኤፍ 42 ይላል፤ ኤንኤስኤፍ ለውሃ ማጣሪያ ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ደረጃ 42 የክሎሪንን ጣዕምና ሽታ የመሳሰሉትን የሚመለከት ነው። እርሳስን ጨምሮ ጤናን የሚነኩ ነገሮች ያሉት በ53 ነው፤ የአርኦ ማሽኖች ደግሞ በ58። 53 የሚል ወረቀት ላይም ቢሆን ማጣሪያው የተፈተነባቸው ነገሮች በስም ይዘረዘራሉ፤ እርሳስ ካልተጠቀሰ ለእርሳስ አልተፈተነም። ከሰል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ክሎሪንን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ለእርሳስ ተፈትነው ያለፉ የከሰል ማጣሪያዎችም አሉ። እኛ የሚያስፈልገን ከእነዚያ አንዱ ነበር። እነሱም ይህን ያውቃሉ።

የካርትሪጁን መቀየሪያ ጊዜም አልነገሩንም፤ በወረቀቱም ላይ የለም። ጊዜው ያለፈበት ከሰል ክሎሪኑን ስላስቀረው ብቻ ደህና አይደለም። ክሎሪን የሌለው እርጥብ ካርትሪጅ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ይህን እያወቀ ዝም ያለ ሻጭ ምን እንደሚባል ለእናንተ እተወዋለሁ።

እናንተ መጀመሪያ ውሃችሁን ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው ላብራቶሪ አስመርምሩ፤ የምትፈሩትን ነገር በስሙ ጠርታችሁ። ማጣሪያ የምትመርጡት ውጤቱን ካያችሁ በኋላ ነው። የሰርተፊኬቱን ቁጥር ከምርቱ ሞዴል ጋር ራሳችሁ አመሳክሩ። «በደረጃው መሠረት የተሠራ» ማለት «ተፈትኖ ያለፈ» ማለት አይደለም። ብዕርና ዘንግ የሚያወጣ ከመጣ ጨው አቅርቡለት።

የእኛ ናሙና ላብራቶሪ ገብቷል፤ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረው ውሃ ነው የቀዳነው። ውጤቱ እስኪመጣ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ለደቂቃዎች እናፈሳለን። ለመጠጥና ለወተቷ ቀዝቃዛውን ብቻ እንቀዳለን፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል። ማሽኑን ከግድግዳው ላይ አስነቅዬዋለሁ። ውሉና ደረሰኙ እጄ ላይ ናቸው፤ ለሸማቾች ጥበቃ የማቀርበውን አቤቱታም ጽፌ ጨርሻለሁ። ከእነዚህ ሰዎች ተመሳሳይ ማሽን የገዛችሁ ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ሜምብሬን ከሌለው ደረሰኛችሁን ይዛችሁ አብረን እንክሰሳቸው።