ባለ 5 ጊጋኸርዝ ሴክተር አንቴናና ዲሽ በባሕር ዳር፦ ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ

የምንገመግመው የገመድ አልባ ኔትወርክ ዕቃ ነው፦ አንድ ባለ 17 ዲቢአይ (አንቴናው ሲግናሉን የሚያጠናክርበት ልክ)፣ 90 ዲግሪ የሚሸፍንና ለብዙ ተጠቃሚ የሚያሰራጭ ሴክተር አንቴና እና ውሃውን አቋርጠው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ባለ 23 ዲቢአይ ዲሾችን ነው። የተተከሉት ኅዳር ላይ ነው፤ አንድ በጋና አንድ ክረምት አልፎባቸዋል። ሬዲዮው ጥሩ ነው። ማሰሪያ ብረቱ ግን ደካማ ነው። መመሪያው ላይ ያለው አተካከል ደግሞ ሜዳ ላይ ለተኛ፣ ደጁ ሐይቅ ለሆነ ከተማ አይበቃም።

ከሴክተሩ እንጀምር። የቤዛዊትን ከፍታ ትተን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ስለዚህ የተለመደው ስህተት አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ወደ አድማስ ማሳየት ነው። የዚህ አንቴና ጨረር ከላይ እስከ ታች 8 ዲግሪ ብቻ ነው ያለው። 25 ሜትር ላይ ምንም ሳይዘነብል ከታሰረ የጨረሩ የታችኛው ጠርዝ መሬት የሚነካው 357 ሜትር ርቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ቤት ታወሩ እያየው ሲግናል ያጣል፤ የላይኛው ግማሽ ደግሞ ሰማይ ላይ ይባክናል። ወደ ታች 3 ዲግሪ ሲዘነብል የታችኛው ጠርዝ ወደ 204 ሜትር ይጠጋል፤ 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ሩቅ ተጠቃሚ የሚያጣው 1 ዲሲቤል ያህል ብቻ ነው። 5 ዲግሪ ላይ ግን ሩቁ ሰው ከ3 ዲሲቤል በላይ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ኃይል ያጣል። ለዚህ ከፍታና ለዚህ ርቀት ትክክለኛው 3 ዲግሪ ነው። አንዳንድ ሴክተር ግን ከፋብሪካው በውስጡ ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ ከመውጣታችሁ በፊት የመረጃ ወረቀቱን እዩ፤ ያንን ሳያውቅ ሌላ 3 ዲግሪ የጨመረ ሰው ሩቁን ሁሉ ይቆርጣል።

ማሰሪያው ላይ የተቀረጸውን የዲግሪ ምልክት አትመኑት። ምልክቱ የሚነግራችሁ አንቴናው ከቧንቧው ጋር ያለውን ማዕዘን ነው፤ ቧንቧው ራሱ 2 ዲግሪ ካዘመመ ያነበባችሁት 3 በእውነቱ 1 ወይም 5 ነው። መጀመሪያ ቧንቧውን በሁለት ጎን በውሃ ልክ ማቆም፣ ከዚያ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ አንቴናው ጀርባ ላይ አስደግፎ ማንበብ ነው። ኮምፓስም ታወሩ ላይ አይሠራም፤ ብረቱ ይስበዋል። አቅጣጫውን ራቅ ብላችሁ መሬት ላይ ለኩና ከታወሩ በዚያው መስመር ላይ የሚታይ ምልክት፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትም ይሁን የውሃ ታንከር፣ ያዙ።

ዲሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ሲግናል ማግኘት አይደለም፤ ትክክለኛውን ሲግናል ማግኘት ነው። ለ8 ኪሎ ሜትር በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚጠፋው 126 ዲሲቤል ያህል ነው። ሬዲዮው 20 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ከሰጠና ሁለቱ ዲሾች 46 ከጨመሩ የሚጠበቀው -60 ዲቢኤም ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ሲግናሉ ይደክማል። (የምትጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲና ኃይል በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።) -78 አግኝቶ «ያዘ» ብሎ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው የጎን ጨረር (ከዋናው ጎን የሚወጣ ደካማ ጨረር) ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ዲሹን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በ2 ዲግሪ እያንቀሳቀሱ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ያህል እየጠበቁ፣ ሙሉውን ማየት ያስፈልጋል። ከፍተኛው ከተገኘ በኋላ በግራና በቀኝ 3 ዲሲቤል የሚወርድበትን ቦታ ምልክት አድርጉና መሐላቸው ላይ አቁሙት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንዲሁ፤ ቀጥሎ እንደገና ወደ ጎን። ሬዲዮው የሚሠራባቸው ሁለቱ ቻናሎች (የቁሙና የአግድሙ ሞገድ) ከ4 ዲሲቤል በላይ ከተለያዩ ወይ ዲሹ ዙሩን ስቶ ታስሯል፣ ወይ አንዱ መስመር ላይ ችግር አለ።

በዚህ ከተማ ዋናው ጉዳይ ሐይቁ ነው። ሲግናሉ በሁለት መንገድ ይደርሳል፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው ውሃው ላይ ነጥሮ። የምድር ጉብጠት ተቀንሶ አንዱ ዲሽ ከውሃው 25 ሜትር፣ ሌላው 12.4 ሜትር ከሆነ የነጠረው ጨረር ከቀጥታው 7.75 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ይህም የሞገዱ አንድ ተኩል ርዝመት ስለሆነ፣ ውሃውም ሞገዱን ሲያነጥር ስለሚገለብጠው፣ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ሰኔ ላይ ውሃው ዝቅ ባለበት -57 ይነበብ የነበረው ለዚህ ነው። ጣና ከሰኔ እስከ መስከረም ሜትር ተኩል ያህል ይሞላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ወደ 6.4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ንባቡም ወደ -60 ወረደ። ማንም ዲሹን አልነካውም። ዝቅተኛው ምሰሶ 2 ሜትር ቢያጥር ኖሮ መስከረም ላይ ሁለቱ ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፉ፣ ሊንኩም በየዕለቱ ይቆራረጥ ነበር።

ዲሹን ቀና በማድረግ ነጠራውን ማስቀረት አይቻልም፤ በሁለቱ ጨረሮች መካከል ያለው ማዕዘን ከግማሽ ዲግሪ በታች ሲሆን የዲሹ ስፋት 10 ዲግሪ ነው። ማዕበሉ ይበትነዋል ብሎ መተማመንም አያዋጣም፤ በዚህ ርቀት ጨረሩ ውሃውን የሚነካው በሩብ ዲግሪ ስለሆነ የግማሽ ሜትር ማዕበል ለእሱ መስታወት ነው። መፍትሔው ከፍታ ነው። ከምሰሶው በፊት ሁለቱንም ስሌት፣ የሰኔውንም የመስከረሙንም፣ ሥሩ። ወይም ዝቅተኛውን ዲሽ ይበልጥ ዝቅ አድርጋችሁ ከዳርቻው ወደ የብሱ መልሱት፤ የነጠራው ቦታ ወደ እሱ እየቀረበ ደንገልና መሬት ላይ ያርፋል። በቀጥታው ጨረር ዙሪያ፣ የመንገዱ መሐል ላይ፣ 6 ሜትር ያህል ክፍት እንዲሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

«ክረምት ላይ ዝናቡ ይቆርጠዋል» ይባላል። በ5 ጊጋኸርዝ ከባድ ዝናብም ቢሆን የሚወስደው ከቁጥር የማይገባ ነው። የሚቆርጠው ኮኔክተር ውስጥ የገባ ውሃና የረጠበ የባሕር ዛፍ ወይም የማንጎ ቅጠል ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው የጎማ ሽፋን ሐምሌ ላይ ውሃ አስገብቶ አንዱን ቻናል 9 ዲሲቤል ጣለው። ተፈትቶ ሲታይ መሐሉ ያለው የነሐስ መርፌ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ራሱን የሚያጣብቅ የጎማ ናስትሮ ይሻላል፤ አጠማጠሙም ሣር ቤት እንደሚከደነው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደረበ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ እያንዳንዱ ድርብ ውሃ ይቀበላል። የኔትወርኩ ኬብል ሬዲዮው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ መመለስ አለበት። የጣና ዙሪያ መብረቅ ብርቱ ስለሆነ ከውስጥ የብረት ሽፋን (ሺልድ) ያለው ኬብልና ከሁለቱም ጫፍ ኤርዝ ጋር የተያያዘ መከላከያ ሳይኖር ይህን ዕቃ መትከል ገንዘብ መጣል ነው።

ማሰሪያው ላይ የመጡት ብሎኖች ሚያዝያ ላይ ዝገዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስም ሴክተሩን ከ3 ወደ 4 ተኩል ዲግሪ አዘንብሎታል። የማይዝግ ብሎን፣ ስፕሪንግ ሮንዴላና ድርብ ዳዶ ተተካ። ሲጠብቁ ሁለቱን ብሎኖች በሩብ ዙር እያፈራረቁ፣ ዐይን ከንባቡ ሳይነቀል ነው፤ አንዱን ብቻ ጨርሶ ማጥበቅ ዲሹን 1 ወይም 2 ዲግሪ ያዞረዋል። ከዳዶው እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። መስከረም መጨረሻ ላይ መስመሩ አልተሰበረም።