እንዶድ፣ የህንድ ሳሙና ፍሬ ወይስ ኖራ? እርሳስ ያለበትን ፍሳሽ ለማጣራት ምን እንግዛ

ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የመኪና ባትሪ የሚያድስ ወርክሾፕ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትን አሲድ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ቢደፋ የሚሰርገው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ባለ ወርክሾፖች «ከዕፅዋት የተሠራ ማጣሪያ ይሻለናል?» ብለው ሲጠይቁ ደስ ይለኛል። መልሱ ግን በፍሳሹ ዓይነት ይለያያል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ውሃ ውስጥ ሲበዛ ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ሚሴል የሚባሉ ጥቃቅን ኳሶች ይሆናሉ፤ በላያቸው ያለው አሉታዊ (ኔጌቲቭ) የኤሌክትሪክ ሙልም የእርሳስንና የካድሚየምን፣ ማለትም የሌላ መርዛማ ብረትን፣ አዮኖች (ውሃ ውስጥ የሟሙ፣ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ይስባል። ብቻውን ቢሆን በቀላሉ የሚያመልጠውን አዮን ከሚሴሉ ጋር የሚያስቀረው አልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን የሚባለው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ማጣሪያ ነው። ዱቄቱን ገዝቶ በርሜል ውስጥ መበጥበጥ ብቻውን ከንቱ ነው፤ እርሳሱ አሁንም እዚያው አለ። ሻጩ ስለ ሜምብሬኑ ካላነሳ አትግዙ።

እንዶድ የራሳችን ነው፤ ከሐረርጌ ደጋ ሊመጣ ይችላል። ሳይበስል በአረንጓዴው ተለቅሞ የደረቀውን ምረጡ፤ ኃይሉ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ችግሩ ከጆንያ ጆንያ መለያየቱ ነው። ሌላም አለ፤ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉን ነበር። ዓሣም ይገድላል። የተጣራው ውሃ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም፤ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያነትም ፈጽሞ አይታሰብ።

የህንድ ሳሙና ፍሬ ተዋጽኦ የሳፖኒን መጠኑ በመቶኛ ተጽፎ ከመጣ ለመመጠን ይቀላል፤ ነገር ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። በሳፖኒን ፋንታ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ አረፋ አውጪ፣ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት፣ በንጹሕ ውሃ ሚሴል ለመሥራት በሊትር 2.3 ግራም ያህል ይፈልጋል፤ ለ200 ሊትር በርሜል ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው።

የድሬዳዋ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ስለሚወጣ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ይህ ካልሲየም በሚሴሉ ላይ የእርሳሱን ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ሻጩ ካልሲየም በሌለው ንጹሕ ውሃ የሠራው ሙከራ ለእኛ አይበቃም።

ለአነስተኛ የባትሪ ወርክሾፕ ምርጫዬ ኖራ ነው። አሲዱን ያበርዳል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 9 አካባቢ ሲደርስ እርሳሱ ይዘቅጣል። ከመጠን በላይ ከተጨመረ ግን እርሳሱ ተመልሶ ይሟሟል፤ ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ያስፈልጋል። ዝቃጩ ብዙ ነው፣ መርዛማም ነው፤ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ሳፖኒን የሚያዋጣው ሜምብሬን ላለው ፋብሪካ፣ ከኖራ በኋላ የቀረችውን ጥቂት እርሳስ ለመያዝ ነው።

ብረት በክሮም የሚለብጡ ደግሞ ሳፖኒንንም ሆነ ኖራን ብቻውን አይግዙ። በፍሳሻቸው ውስጥ የሚገኘው ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም (የክሮም አንዱ ኬሚካላዊ መልክ) ውሃ ውስጥ ራሱ አሉታዊ ሙል ስላለው ሚሴሉ ይገፋዋል፤ በኖራም አይዘቅጥም። አስቀድሞ በኬሚካል ወደ ሦስት ቫለንሲ መቀየር አለበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ከራሳችሁ ፍሳሽ ጥቂት ሊትር ሰጥታችሁ ሻጩ ፊታችሁ ያጣራው። ያልተጣራውንም የተጣራውንም ለየብቻ በጠርሙስ ይዛችሁ ላቦራቶሪ አስለኩ።